ሰሌዳ መቀያየር ሰማዩን አያጸዳም!

ኃያላኑ ምድር አልበቃ ብሏቸው ጠፈር ላይ ወጥተዋል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 ሩሲያ የአየርና የጠፈር ኃይሎቿን አዋሐደች፤ በ2019 ዲሴምበር 20 አሜሪካ የጠፈር ጦር አቋቋመች፤ በ2024 ኤፕሪል ቻይና የስትራቴጂ ድጋፍ ኃይሏን አፍርሳ በሦስት ከፈለችው፤ አንዱ የጠፈር ኃይል ነው።

እኔ እምለው፣ ሰሌዳ መቀያየሩ ምን ይፈይዳል? ቻይና በ2007፣ ሩሲያ በ2021 የገዛ ሳተላይታቸውን በሚሳይል መትተው ከሺህ የሚበልጥ ስብርባሪ በተኑ። ስብርባሪ ወዳጅና ጠላት አይለይም! የ1967ቱ የጠፈር ውልም ኑክሌር ምህዋር ላይ ማስቀመጥን እንጂ ይህን ተኩስ አልከለከለም።

የኛዋ የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና የመጠቀችው ዋሽንግተን ጦሩን ባቋቋመችበት በዚያው ዕለት ነበር። ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሣሩ ነውና ከአዲስ ዕዝ በፊት ተኩሱን የሚያግድ ውል ይቅደም እላለሁ!