ሜዳው የማን ነው?

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የምለጥፈው ኔትወርክ ሲገኝ ስለሆነ ለኮመንታችሁ ቶሎ ካልመለስኩ እንዳትቀየሙኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅርቡ በአንድ ስብሰባ ላይ የትምህርት ቤታችን ሜዳ ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ለሴት ተማሪዎች ብቻ ይሁን ብዬ ጠየቅኩ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል። የቀረው ሁሉ እንደ ድሮው የወንዶቹ ነው። በቃ፣ ጥያቄዬ ይችው ናት። ከዚያ ወዲህ የሰማሁትን ቀልድና ሽሙጥ ልጻፈው ብል ደብተር አይበቃኝም። አንዱ ባልደረባዬ በመምህራን ማረፊያ ሰው ሁሉ እየሰማ «አንተ ራስህ ቀሚስ ለምን አትለብስም?» አለኝ። ተሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን አልሳቅኩም። አንድ የድሮ ተማሪዬ ደግሞ፣ የማከብረው ልጅ ነው፣ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ በዚህ ጊዜ ሌላ አጀንዳ ጠፍቶ ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። ለሁለቱም እዚሁ ልመልስ።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ። ወሩ ሲገባደድ ስልካችንን ደጋግመን የምናየው የማንን መልእክት ጠብቀን ነው? የብዙዎቻችን ደመወዝ የሚገባው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው። ይኼ ባንክ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን እንዳለው ስንቶቻችን እናውቃለን? በአሰልጣኝ ብርሃኑ ግዛው የሚመራው ቡድን በ2016 ዓ.ም የነሐሴ ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ አበበ ቢቂላ ስታዲየም በሴካፋ ዞን የሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ ፍጻሜ የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ አሸንፎ ዋንጫ በላ። ዝም ብሎ የተገኘ ዋንጫ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ፍጻሜ ደርሶ በቪሂጋ ኩዊንስ ተሸንፏል። በ2023 እንደገና ፍጻሜ ደርሶ በታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ በመለያ ምት ተሸንፏል። ሁለት ጊዜ በር ላይ ወድቆ በሦስተኛው ገባ። ከዚያ ሞሮኮ ሄዶ በአፍሪካ ሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ ተጫወተ። ከምድቡ አላለፈም፤ ይሁን። የአፍሪካ ምርጥ ስምንት ክለቦች ውስጥ ቆሞ ነው የወደቀው።

ያን ሰሞን በእኛ ማረፊያ ክፍል ስለዚህ ዋንጫ አንድም ቃል አልሰማሁም። ስለ አርሰናል ተከላካይ ጉልበት ግን ሐኪም እስክንመስል አውርተናል። የእንግሊዝን ተቀያሪ ወንበር ከነማሊያ ቁጥሩ የሚያውቅ መምህር ሴናፍ ዋቁማ ማን ናት ቢባል «ዘፋኝ ናት?» ነው የሚለው። ቀሚስ ልበስ ላልከኝ ወዳጄ፦ እኔን ከመምከርህ በፊት ደመወዝህ የሚገባበት ባንክ ማን ማን እንደሚጫወትለት እወቅ።

አሁን ወደ ክርክሮቹ።

«ኳስ ለሴት ልጅ አካል አይሆንም» ይሉኛል። ኧረ በእግዚአብሔር! ጋይንትም እንበል ስማዳ ወይም እስቴ፣ ሃያ ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ከወንዝ ዳገቱን የምትወጣው ማን ናት? እንጨት ተሸክማ፣ ከዚያ ፊቷን ታጥባ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ ሄዳ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ የምትቀመጠው ማን ናት? ያኔ አካሏን ማንም አልፈራላትም። ጉና ሥር በዚያ ብርድ፣ በዚያ ቀጭን አየር አድጋ ሳንባዋ እንደ ወናፍ የሆነ ልጅ ዘጠና ደቂቃ መሮጥ ይጎዳታል ብሎ ማዘን ከየት መጣ?

«ባህላችን አይደለም» ይሉኛል። ወንዶቹ የሚራገጡባት ኳስስ ከጉና ተራራ ተንከባልላ ነው እንዴ የመጣችው? እሷም የፈረንጅ ናት። እንዲያውም ልንገራችሁ፤ ክልከላውም የፈረንጅ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ የጥይት ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች ቡድን አቋቁመው ነበር፤ ዲክ ኬር ሌዲስ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1920 የገና ማግስት ሊቨርፑል ከተማ ጉዲሰን ፓርክ ላይ ሲጫወቱ ሃምሳ ሦስት ሺህ ሰው ገብቶ አያቸው። በዓመቱ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር «ይኼ ጨዋታ ለሴት አይስማማም» ብሎ በአባል ክለቦቹ ሜዳዎች እንዳይጫወቱ ከለከለ። ክልከላው ሃምሳ ዓመት ቆየ። ልብ በሉ፣ ኳስ አልቀማቸውም፤ ሜዳ ነው የከለከላቸው። ሜዳ ከተከለከለ ሌላው ራሱ ይሞታል። ዛሬ የአባቶቼ ጨዋነት ነው ብለህ የምትሟገትለት ነገር እንግሊዞች ራሳቸው አፍረውበት የጣሉት ነው።

«ችሎታ የላቸውም» ይሉኛል። እዚህ ላይ ራሴን ልክሰስ። የስፖርት መምህር ነኝ። ስልሳ ተማሪ ይዤ፣ ሁለት ኳስ ይዤ ስወጣ ለብዙ ዓመት ያደረግኩት ምንድን ነው? ኳሶቹን ለወንዶቹ ወርውሬ ለሴቶቹ ገመድ ሰጥቼ «እናንተ ዝለሉ» ማለት። ፈተና ሲደርስ ደግሞ ኳስ አንጠባጥቡ ብዬ ከአሥር ማርክ እይዛለሁ። ወንዱ ዘጠኝ፣ ሴቷ ሦስት። ከዚያ «አያችሁ፣ አይችሉም!» ያልዘራሁትን ማሳ አጭዳለሁ ብዬ ማጭድ ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ መሬቱ ምን በደለ?

ሎዛ አበራን ሁላችሁም ሳትሰሙ አትቀሩም። ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ በአንድ የውድድር ዓመት ሠላሳ ጎል ያገባች፣ ለንግድ ባንክም የተጫወተች፣ በኋላ አሜሪካ ዲሲ ፓወር የገባች ልጅ ናት። የት ተወለደች? አዲስ አበባ አይደለም። ዱራሜ ነው፣ ከምባታ። ዱራሜ ከነፋስ መውጫ፣ ከወገዳ፣ ከመካነ ኢየሱስ በምን ይበልጣል? ደጋ ነው፣ እንሰትና ገብስ ነው፣ ከአዲስ አበባ ሩቅ ነው። አንድ ነገር ነበራት፦ ሐዋሳ ከተማ የሴቶች ቡድን ነበረው። ስታድግ የምትገባበት በር ክፍት ነበር። የእኛ ልጅ ኳስ ብትወድ የምትገባበት በር የት ነው?

አንድ ታሪክ ልንገራችሁና ከዚህ በፊት ያልተናገርኩትን ልናገር። ከሰባት ዓመት በፊት ነው፤ የልጅቷን ስም አልጠራም። ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ከቆላው ወገን መጥታ ከሦስት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ፣ ቅዳሜ አባቷ ለገበያ ሲወጡ ስንቅ እያመጡላት የምትማር። ግራኝ ናት። በኮንጎ ጫማ ኳስ ስትመታ ድምፁ ራሱ ይለያል። ሴት ለብቻ የምትጫወትበት ሰዓት ስላልነበረ ከወንዶቹ ጋር አስገባኋት። ከክፍል ክፍል ግጥሚያ አንድ ቀን ሁለት አገባች፤ ትምህርት ቤቱ በጩኸት ቀለጠ።

ሰኞ ጠዋት አባቷ መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ዱላቸውን በር ላይ አቁመው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ነው የገቡት። «መምህር» አሉኝ፣ «እኔ ልጄን የላክኋት ለትምህርት ነው። ከጎረምሳ ጋር ስትጋፋ አየናት አሉኝ ገበያ ላይ። የሴት ልጅ ስም አንዴ ከወደቀ ማን ያነሳልኛል?»

ምን መለስኩ? «እሺ አባቴ፣ ከዚህ በኋላ አትጫወትም» አልኳቸው። በቃ። አመስግነውኝ ሄዱ።

ይኼን ሰባት ዓመት አስቤበታለሁ። እኚያ ሰው ኳስ እርም ነው አላሉም። የጠየቁት ከማን ጋር፣ መቼ፣ በማን ኃላፊነት ነው። የአባት ጥያቄ ነው። ያኔ የሴቶች ሰዓት ቢኖረን መልስ ነበረኝ፤ «ከሴቶች ጋር ነው አባቴ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ነው፤ ከእነሱ በቀር ሜዳ የሚገባ የለም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤታቸው ይገባሉ፤ እኔ አለሁ» እላቸው ነበር። መልስ ያጣሁት ሰዓት ስላልነበረን ነው። ልጅቷ አሥረኛን ሳትጨርስ ተዳረች። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ገበያ ላይ ልጅ አዝላ አገኘኋት። ተሳሳምን፣ ስለ ልጇ አወራን። ስለ ኳስ አንዳችንም አላነሳንም።

ሎዛን ትሆን ነበር አልልም። ኳስ ብትጫወት አትዳርም ነበር ብዬም አልምልም። የምለው አንድ ነው፦ አልሞከርናትም።

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ። «በዚህ ጊዜ?» አዎ፣ በዚህ ጊዜ። ይኼ አካባቢ ያየውን አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ፤ አልዘረዝረውም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወንዱ ቤት ዋለ፤ ሴቷ ግን ተዳረች። ሲከፈት ወንበሩ ላይ የጎደለው ማን እንደሆነ ስም ስጠራ አይቻለሁ። ለቀሩት ደግሞ ትምህርት ቤት የሚመጡበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት ቢኖራቸው ምን ይጎዳል?

በመከራ ጊዜ ኳስ ቅንጦት ነው ለምትሉ የጃፓንን ልንገራችሁ። ፉኩሺማ ላይ ቴፕኮ ማሪዜ የሚባል የሴቶች ክለብ ነበር። ባለቤቱ የቶኪዮ መብራት ኃይል ኩባንያ ነው፤ ከተጫዋቾቹ ውስጥ በዚያው የኑክሌር ጣቢያ እየሠሩ ከሥራ መልስ ልምምድ የሚያደርጉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 ያ የመሬት መንቀጥቀጥና ማዕበል መጣ፣ ጣቢያው ፈነዳ፣ ክለቡም ቆመ። በአራተኛው ወር ጃፓን ጀርመን ላይ በተዘጋጀው የሴቶች ዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ባለሜዳዋን ጀርመንን በተጨማሪ ሰዓት አንድ ለዜሮ ጣለች። ጎሏን ያገባችው ካሪና ማሩያማ ናት፤ ቀድሞ የማሪዜ ተጫዋች፣ የዚያ ጣቢያ ሠራተኛ የነበረች። ከዚያ ፍጻሜ ላይ አሜሪካን በመለያ ምት አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ጎል የሞተ አያስነሳም። ግን አንድ ሕዝብ አንገቱን ቀና የሚያደርግበት ነገር ሲፈልግ ያገኘው ከሥራ መልስ ልምምድ ከሚያደርጉት ሴቶች ነው። ማሪዜም ሞቶ አልቀረም፤ ተጫዋቾቹን ሴንዳይ ከተማ ተቀብላ በዓመቱ ቬጋልታ ሴንዳይ በሚል ስም ሊጉ ላይ መለሰቻቸው።

ከጃፓን ሌላም ትምህርት አለ፣ መራራው። ኒኮ ሴኩሪቲስ የተባለ የፋይናንስ ኩባንያ ክለብ በ1990ዎቹ ሊጉን በተከታታይ ሦስት ጊዜ በላ፤ ኢኮኖሚው ሲያሽቆለቁል ግን ኩባንያው ቡድኑን በተነው። ሻምፒዮን ሆኖ ፈረሰ! ኪስ ሲሳሳ መጀመሪያ የሚቆረጠው የሴቶቹ በጀት ነው። እኛም ዘንድ ሎዛ ጎል ስታዘንብበት የነበረውን ደደቢትን ዛሬ በሊጉ ፈልጉት። ስለዚህ «አንድ ባንክ አለልን» ብሎ መተኛት አይቻልም። ክለብ በየከተማው ሲበዛ ነው አንዱ ቢወድቅ ሌላው የሚቀበለው። ካፍ እንኳ በአህጉር ውድድር የሚካፈሉ የወንዶች ክለቦች የሴቶች ቡድን ይኑራችሁ የሚል ግዴታ ያወጣው ይኼ ገብቶት ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መምህራን ጓዶቼ፦ ሁለት ከሰዓት፣ አንድ ኳስ ለሴቶች። ወንድ ተማሪዎቼ፦ በሰዓታቸው መስመር ላይ ቆማችሁ አታፏጩ፤ እህታችሁ ናት። የየወረዳው ስፖርት ኃላፊዎች፦ ዋንጫ ስታዘጋጁ የሴቶችንም አዘጋጁ፤ ለመዝጊያ ማድመቂያ የአሥር ደቂቃ ጨዋታ አይባልም። እዚህ ቅርንጫፍ የከፈታችሁ ድርጅቶች ሁሉ፦ ከእኛ ቁጠባ ጥቂቱን ማሊያና የትራንስፖርት አድርጋችሁ መልሱልን። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና ውጭ አገር ያላችሁ ልጆቼ፦ የባንክ አካውንት አልለጥፍም፤ አትላኩ። ስትመጡ ከ36 እስከ 38 ቁጥር ጫማ ይዛችሁ ኑ።

አንዳንዱ «በዲፕሎማህ ይኼን ሁሉ?» ይለኛል። ፊሽካ ለመንፋት ማስተርስ አያስፈልግም።

ለነገሩ ርዕሰ መምህሩ «ለአንድ ወር እንሞክረው» ብለዋል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ባለፈው ሐሙስ ጀመርን። ዘጠኝ መጡ። ሦስቱ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ዳር ላይ ቆመው ቀሩ፤ ስድስቱ ተጫወቱ። ነፋሱ ኳሷን ሁለት ጊዜ ቁልቁል ወሰዳት፤ ሁለተኛውን ያመጣችው ዳር ከቆሙት አንዷ ናት፤ ይዛ መጥታ አልሰጠችኝም፤ መታቻት።

ማክሰኞ 10 ሰዓት ሜዳ ላይ ነኝ። የምትቃወሙኝም ኑና እዩ፤ ከዚያ እንነታረክ። ሐሳባችሁን ጻፉልኝ፣ ስድብ ግን አጥፋለሁ። በቸር ያገናኘን።