መስኮቱን ተዉት፣ ጣሪያውን ክፈቱ

ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገና ኬላ ሳይደረስ የሚጀመር ጭቅጭቅ አለ። ከኋላ የተቀመጠው ወጣት መስኮቱን ገርበብ ያደርጋል። ከፊቱ ያሉት እናት ነጠላቸውን ወደ ጆሯቸው ይስባሉ። «ልጄ፣ ዝጋው እባክህ፤ ነፋሱ እኔን ነው የሚመታኝ።» ይዘጋል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከወዲያ በኩል ሕፃን ያስመልሰዋል፤ ረዳቱ ፌስታል ያቀብላል፤ አንዱ ደግሞ «ኧረ ክፈቱ፣ ታፈንን!» ይላል። ቡኢ፣ ጢያ፣ መልካ ቁንጡሬ እየተባለ ዓለም ገና እስኪደረስ መስኮቱ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው። ከዓለም ገና ወዲህ ደግሞ የአዲስ አበባ ጭስ ስላለ ማንም አይከፍትም።

ይህ ጭቅጭቅ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የቀልድ ማሟሻ ከሆነ ቆይቷል። ቀልዱ ሁልጊዜ በእናትየዋ ላይ ነው፦ «ሐበሻና ነፋስ»፣ «ከጥይት ይልቅ ብርድ የሚፈራ ሕዝብ» እና የመሳሰለው። ተማርን የሚሉ ሰዎች ነገሩን የግንዛቤ እጥረት አድርገው ይፈርጁታል፤ መፍትሔውም ያው የተለመደው «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ይሆናል። ይህ ፍርድ ግን ልክ አይደለም። ጥፋቱ ያለው ተሳፋሪው ጭንቅላት ውስጥ ሳይሆን ተሽከርካሪው ጣሪያ ላይ ነው።

በእርግጥ ነፋስ በራሱ የሳንባ ምች አያመጣም፤ በሽታውን የሚያመጡት ተሕዋስያን ናቸው። እናትየዋ የሚሉት ነገር ግን እውነት አለው። ቡታጅራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጠዋቱ ጉዞ ብርድ ነው። መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ በጎን መስኮት የሚገባው አየር ለአሥራ አምስት ሰው እኩል አይከፋፈልም። ተሰብስቦ አንድ አንገት ላይ ያርፋል። ብዙ ጊዜ ነፋሱን የሚቀበለው መስኮት የከፈተው ሰው ራሱ ሳይሆን ሌላው ነው። ስለዚህ መስኮት መክፈት በተግባር አንዱ ሌላውን አስቀጥቶ የሚተነፍስበት ዘዴ ነው። እንዲህ ባለ አሠራር ሽማግሌና አራስ ያለበት መኪና ውስጥ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው «ዝጋው» ነው፤ ማሸነፉም አይገርምም።

ወጣቱም አልተሳሳተም። ሒሳቡን ማስላት ይቻላል። ቁጭ ያለ አዋቂ ሰው በሰዓት 18 ሊትር ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። የአንድ ሃይሩፍ ሚኒባስ ውስጥ 10 ሜትር ኩብ አካባቢ ነው። አሥራ አምስት ሰው ተቀምጦበት ፈጽሞ ቢታሸግ፣ በአሥር ደቂቃ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 4,500 የሚሆነው ሰዎቹ ያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ውጭ ያለው አየር 420 አካባቢ ነው፤ ለቤት ውስጥ አየር 1,000 ሲያልፍ «እዚህ አየር በበቂ ሁኔታ እየታደሰ አይደለም» ይባላል። መኪና በበርና በመስኮት ጎሚኒ ስለሚያስገባ ቁጥሩ እንዲህ በፍጥነት አይወጣም። በሌላ በኩል ደግሞ ትርፍ የማይጭን ሚኒባስ ስንት ነው? አሥራ አምስት ያልነው አሥራ ስምንት ሲሆን ሒሳቡ ወደ ሌላው ወገን ያዘነብላል። ከዓለም ገና በፊት ግማሹ ተሳፋሪ አንገቱን ደፍቶ የሚያንቀላፋው በድካም ብቻ አይደለም። ሹፌሩም የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው።

ጉዳዩ ከእንቅልፍ ያልፋል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የሳንባ ነቀርሳ ጫና አለባቸው ብሎ ከሚዘረዝራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ይህ በሽታ የሚተላለፈው በአየር ነው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሳለ ሰው አየር ለሰዓታት ይቆያል። በ2007 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የወጣ በሊማ፣ ፔሩ ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። በርና መስኮታቸው የተከፈተ ክፍሎች አየራቸው በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይታደስ ነበር፤ ለነቀርሳ ሕሙማን በማሽን አየር እንዲቀየርባቸው የተሠሩት ዘመናዊ ክፍሎች ግን 12 ጊዜ ብቻ። ከሁሉም የተሻሉት ደግሞ ጣሪያቸው ከፍ ያለ የድሮ ሕንፃዎች ነበሩ።

ለቡታጅራ ሰው ይህ እንግዳ ወሬ መሆን አልነበረበትም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ከ1986 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ በቡታጅራና አካባቢዋ የሕዝቡን ጤና ሲከታተሉ ኖረዋል። በዚሁ ፕሮግራም ሥር ከ3,000 በላይ በሚሆኑ የገጠር ቤቶች ውስጥ የጭስ ጋዝ ተለክቷል። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ በአማካይ በአንድ ሜትር ኩብ 97 ማይክሮግራም ሆኖ ተገኘ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በወቅቱ ያስቀመጠው ዓመታዊ ወሰን ደግሞ 40 ነበር። የቤት ውስጥ አየር በኢትዮጵያ ከተለካባቸው ቦታዎች እንደ ቡታጅራ በሰፊው የተጠናበት ብዙ አይገኝም። ቤቱ እንዲህ ተለክቶ፣ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ለሦስት ሰዓት የሚቀመጥበት መኪና ግን የማንም ጉዳይ አልሆነም።

የጣሪያን ጥቅም ለጉራጌ ማስተማርም ለቀባሪው ማርዳት ነው። የሣር ቤት ጭሱን የሚያስወጣው በላይ ነው፤ ሣሩ ይተነፍሳል፣ ጭሱም በተራው ሣሩን ከነፍሳት ይጠብቀዋል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ በላይ መውጫ ካገኘ ማንንም ሳይነካ ይሄዳል። መኪና ላይ ደግሞ ሌላ እገዛ አለ። መኪናው ሲሮጥ ጣሪያው ላይ የሚያልፈው ነፋስ አየርን ወደ ውጭ ይስባል። የጣሪያው ክዳን በኋላ በኩል ብድግ ካለ ያለ ምንም ሞተር ይመጠጣል፤ በፊት በኩል ብድግ ካለ ደግሞ ነፋሱን አፍሶ ያስገባል።

ፈረንጆች ይህን ጉዳይ የፈቱት በማይጠበቅ ቦታ ነው፦ አልጋና ምድጃ ገጥመው በሚዞሩባቸው ካምፐር በሚሏቸው መኪኖች። ሁለት ሰው ተኝቶ፣ ወጥ ተሠርቶ፣ በር ተዘግቶ የሚታደርበት ጠባብ ሳጥን ስለሆነ ጣሪያው ላይ 36 ሴንቲ ሜትር በ36 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ማራገቢያ ይገጠምበታል። መጀመሪያ ከፋብሪካ የሚመጣው ደካማ ነው፤ ስለዚህ ባለቤቶቹ አውጥተው ጠንከር ባለ ይቀይሩታል። የተሻሉት በአምራቾቹ ልኬት በደቂቃ እስከ 25 ሜትር ኩብ አየር ያንቀሳቅሳሉ። የሚኒባሱ ውስጥ 10 ሜትር ኩብ መሆኑን ያስታውሷል። ግማሹን እንኳ ቢሠራ አየሩ በአንድ ደቂቃ ገደማ ይታደሳል ማለት ነው። የሚሠሩት በመኪናው በ12 ቮልት ባትሪ ነው፤ በሙሉ ኃይል 3 አምፔር ያህል ይወስዳሉ፤ ይህ 36 ዋት ነው። የአንድ የፊት መብራት አምፖል 55 ዋት ይበላል። «ባትሪ ይጨርሳል» የሚለው የባለንብረቶች መልስ እዚህ ጋ ያልቃል።

ደግሞ ከባዶ መጀመርም አያስፈልግም። ብዙዎቹ ኮስተሮች ከፋብሪካ ሲመጡ ጣሪያቸው ላይ ክዳንና ማራገቢያ አላቸው፤ ማብሪያ ማጥፊያውም ሹፌሩ አጠገብ አለ። አይሱዙ ላይ ቦዲ ተሠርቶባቸው «ቅጥቅጥ» የሚባሉት አውቶቡሶችም ብዙ ጊዜ የጣሪያ ክዳን ይሠራላቸዋል። የሚሠራ ማራገቢያ ማግኘት ግን እንደ ዕጣ ነው። ወይ ፊውዙ ተቃጥሎ ቀርቷል፣ ወይ ሞተሩ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ውሏል፣ ወይ ክረምት ላይ አንድ ቀን ስላፈሰሰ ክዳኑ ዙሪያውን በሲሊኮን ተደፍኗል። በሲሊኮን የተደፈነ የጣሪያ ክዳን መኪናው በተገለበጠ ጊዜ የመውጫ ቀዳዳም ሊሆን ይችል እንደነበር ማን ያስብ?

ትልቁ እንቅፋት ግን ሌላ ነው፦ ፖርቶመጋላው። በዚህ መስመር ጣሪያ ማለት የጭነት ቦታ ነው። የማረቆ በርበሬ በጆንያ፣ ቆጮ፣ ድንች፣ ፍራሽ፣ ሲከፋም ፍየል። ክዳኑ ቢኖርም ጆንያ ተጭኖበታል። ከተሳፋሪው ትንፋሽ የበርበሬው ኪራይ ይበልጣል። ይህ ቴክኒክ አይደለም፣ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ባለንብረቱ በፈቃዱ ይተወዋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ግን ሙሉውን ጣሪያ መከልከልም አያስፈልግም። ፖርቶመጋላው ክዳኑ ባለበት ቦታ ላይ ግማሽ ሜትር ክፍት እንዲተው ተደርጎ ቢበየድ በርበሬውም ይጫናል፣ ሰውም ይተነፍሳል።

ሥራው ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። የሚኒባስ ጣሪያ እንዲሁ የተዘረጋ ላሜራ አይደለም፤ ከሥሩ የሚያቋርጡ አግዳሚዎች አሉት፤ ቀዳዳ ፍለጋ አግዳሚ የቆረጠ ሠራተኛ ጣሪያውን አዳክሞታል። ክዳኑ ሲገጠም በላሜራውና በፍሬሙ መካከል የሚለጠፍ ማሸጊያ ካልገባ የሰኔ ዝናብ የመጀመሪያው ቀን ያጋልጠዋል። ሌላም አለ። አየር ብቻ የሚያስወጣ ማራገቢያ ከተቻለው ቀዳዳ ሁሉ አየር ይስባል፤ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ በሚገባ መኪና ላይ አቧራውን በበር ሥር ጎትቶ ያስገባል፤ የጭስ ማውጫው የሚያፈስ አሮጌ ናፍጣ መኪና ላይ ደግሞ መርዙን። ካምፐር ያላቸው ሰዎች ማራገቢያቸውን ወደ ሁለቱም አቅጣጫ እንዲዞር የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ አቧራ ላይ ሲገቡ አየር ወደ ውስጥ ያስገባሉ፣ መኪናው ከውስጥ ተሞልቶ አቧራውን ይገፋል። አስፋልት ላይ ደግሞ በሹፌሩ በኩል ንጹሕ አየር ማስገቢያው ተከፍቶ ከኋላ በጣሪያ ይወጣል። ኤሲ አለን የሚሉ አዳዲስ መኪኖችም ከዚህ አያመልጡም፤ ንጹሕ አየር ማስገቢያው ካልተከፈተ ኤሲ ያንኑ ትንፋሽ አቀዝቅዞ መመለስ ነው ሥራው።

መንግሥት ሲፈልግ የመኪናን ውስጥ ማዘዝ እንደሚችል ታይቷል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ተሽከርካሪዎች በግማሽ እንዲጭኑ ተደረገ፣ ታሪፍ ተጨመረ፣ «መስኮት ክፈቱ» ተባለ። ወረርሽኙ ሲረሳ ሰዉ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ መስኮቱም ተዘጋ። ያ ትእዛዝ ያልዘለቀው ሕዝቡ ስላልሰማ አይደለም፤ የእናትየዋን አንገት ስላላሰበ ነው።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ነገር ትንሽና የተወሰነ ነው። የንግድ ተሽከርካሪ በየዓመቱ ቦሎ ለመውሰድ ሲመረመር ፍሬኑ፣ መብራቱ፣ ጎማው ይታያል። በዚያ ዝርዝር ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ የጣሪያ ክዳን ካለው ይከፈታል ወይ፣ ማራገቢያው ይሠራል ወይ። ክዳን ለሌላቸው ሚኒባሶች ጊዜ ይሰጥ። ቅጥቅጥ ለሚሠሩ የቦዲ ቤቶች ግን ጊዜም አያስፈልግም፤ አዲስ ቦዲ ሲሠራ ቀዳዳውን መተው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ቡታጅራ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት፤ የዞኑ ትራንስፖርት መምሪያና የባለንብረት ማኅበራቱ ከመነኸሪያው በእግር መንገድ ይገናኛሉ። የክልሉን መመሪያ ሳይጠብቁ ቢያንስ በሲሊኮን የተደፈኑትን ኮስተሮች ማስከፈት ይችላሉ። ለዚህ ካቻቢቴና ፊውዝ ይበቃል።

ቀኑም ይታወቃል። የመስቀል ሰሞን አዲስ አበባ ያለው ጉራጌ ሁሉ ወደ አገሩ ይወርዳል፤ ከመርካቶ ሱቁን ዘግቶ፣ ልጆቹን ይዞ፣ አዛውንት እናቱን አቅፎ። ክረምቱ ገና ጨርሶ አልወጣም፤ ዝናብ ስላለ መስኮት አይከፈትም፤ ትርፉ በዓመቱ ትልቁ ነው። የዚያን ሳምንት መኪና ውስጥ ገብቶ የሚስል አንድ ሰው ለስንት ቤት ምን ይዞ እንደሚገባ ማሰብ አይከብድም። ማራገቢያ ለማስጠገን ነሐሴ ሙሉ አለ።