የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ቁስል እጥበትና ፎገራ ላይ የሚጠፋው መረጃ

በአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ወቅት ቁስሉን በቀጠነ ፖቪዶን አዮዲን ማጠብ ርካሽ፣ ቀላልና በጥናት የተደገፈ የኢንፌክሽን መከላከያ ነው። በመሆኑም በሆስፒታሎቻችን የአሠራር መመሪያ ውስጥ ሊካተት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም እጥበቱ በእኛ ሕሙማን ላይ መሥራት አለመሥራቱን የሚነግረን መረጃ ያለው በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ አይደለም፤ ሕሙማኑ ተሽሏቸው በሚመለሱበት ቀዬ ነው።

የአከርካሪ ቁስል ሲያመረቅዝ መዘዙ ከሌላው ቁስል ይከፋል። አጥንቱን ለማጽናት በገባው ብሎንና ዘንግ ላይ ባክቴሪያው ባዮፊልም የተባለ ሽፋን ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ብቻውን ሊያጠፋው አይችልም። ሕመምተኛው ዳግመኛ ይከፈታል፣ ለሳምንታት መድኃኒት ይወስዳል፣ አንዳንዴም ብረቱ ይወጣል። ጎንበስ ብሎ ሩዝ በማረምና በማጨድ ለሚተዳደር የፎገራ ገበሬ ይህ የአንድ ወይም የሁለት የምርት ዘመን ኪሳራ ነው።

የእጥበቱ ማስረጃ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ2005 ከታይዋን የወጣ ጥናት 414 የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ነበር። ቁስላቸው በ0.35 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን ለ3 ደቂቃ ተዘፍዝፎ ከታጠበው 208 ሕሙማን መካከል ኢንፌክሽን የያዘው አልነበረም፤ በኖርማል ሳላይን ብቻ ከታጠቡት 206 መካከል ግን 7ቱን ይዟቸዋል። በ2006 የወጣ ተመሳሳይ ጥናትም ወደዚሁ ውጤት ደርሷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመሪያ ቁስልን ከመስፋት በፊት በፖቪዶን አዮዲን ማጠብ እንዲታሰብበት ቅድመ ሁኔታ ያለው ምክር ሰጥቷል፤ በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ማጠብን ግን አልደገፈም።

ማስረጃው ወሰን እንዳለው መዘንጋት አይገባም። ሁለቱም ጥናቶች የአንድ ቡድን ሥራዎች ናቸው፤ የእኛን የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ሁኔታም አይወክሉም። አሠራሩም ጥንቃቄ ይሻል። 35 ሚሊ ሊትር ባለ 10 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን ከ965 ሚሊ ሊትር ሳላይን ጋር ሲቀላቀል የተባለውን መጠን ይሰጣል፤ ነገር ግን በዓይን ግምት መቀላቀልም ሆነ ንጽሕናው ካልተረጋገጠ ጠርሙስ መቅዳት መከላከያውን ራሱን የጉዳት ምንጭ ያደርገዋል። የሕብለ ሰረሰሩ ሽፋን ከተቀደደ ደግሞ ፈሳሹ ነርቭ ሊጎዳ ስለሚችል መጠቀም አይገባም።

እጥበት የሌሎቹ ጥንቃቄዎች ምትክ እንዳልሆነም የራሳችን ሀገር ልምድ ያሳያል። «ክሊን ከት» የተባለው ፕሮግራም በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የእጅና የቆዳ ንጽሕናን፣ የመሣሪያ ማምከንን፣ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሰዓትንና የመሳሰሉትን በማሻሻል የቁስል ኢንፌክሽንን በሲሶ ያህል መቀነሱ በ2021 ታትሟል። እጥበቱ ሊጨመር የሚገባው እነዚህ በተሟሉበት ላይ ነው።

አሁን ወደ ፎገራ እንመለስ። ወረታ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥባት ከተማ አይደለችም፤ ከዛፍ የወደቀ ወይም በመኪና አደጋ አከርካሪው የተሰበረ ሰው ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ብረት የገባበት አከርካሪ ለ90 ቀናት ክትትል እንዲደረግለት ዓለም አቀፉ ልማድ ይጠይቃል። ታካሚው ግን ከሆስፒታል የሚወጣው ከዚያ እጅግ ቀድሞ ነው። ቁስሉ በ40ኛው ቀን ቢያዥ በመጀመሪያ የሚያየው የአካባቢው ጤና ጣቢያ ነው፤ ወቅቱ ክረምት ሆኖ ርብና ጉማራ ሜዳውን ካጥለቀለቁትም ማንም ላያየው ይችላል። ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ሆስፒታል ይህን ሰው በመዝገቡ ላይ የሚያስቀምጠው «ያለ ኢንፌክሽን የወጣ» ብሎ ነው።

የስህተቱን መጠን በስሌት ማየት ይቻላል። የኢንፌክሽን መጠን ከ4 በመቶ ወደ 2 በመቶ መውረዱን በተለመደው የስታቲስቲክስ መስፈርት ለማሳየት በእያንዳንዱ ምድብ 1,140 ያህል ሰው ያስፈልጋል። ከአምስቱ አንዱ ከክትትል ከጠፋ ቁጥሩ ወደ 1,425 ያድጋል። ይህን አንድ የመመረቂያ ጽሑፍም ሆነ አንድ ሆስፒታል ብቻውን አይሸከመውም። ከዚህም የከፋው፣ የሚጠፉት ሰዎች በአጋጣሚ የሚጠፉ አለመሆናቸው ነው። ሩቅ ያለው፣ ድኻውና የታመመው ይበልጥ ይጠፋል፤ የናሙናን ቁጥር መጨመርም ይህን መዛባት አያርመውም።

አንዳንዶች የሀገር ውስጥ ጥናት እስኪደረግ እጥበቱ ይቆይ ይሉ ይሆናል። ዋጋው ከዳግም ቀዶ ሕክምና ጋር የማይነጻጸር በመሆኑ፣ መጀመሩና መለካቱ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ የሚል እምነት አለኝ። ለዚህም ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ ሆስፒታሎች በጋራ የሚሞሉት አንድ ወጥ መዝገብ፣ በ30ኛውና በ90ኛው ቀን የሚደረግ የስልክ ጥሪ፣ ስልክ ለማይደርሰው ደግሞ የቁስል ምልክቶችን የለየች የቀበሌ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ።

በወረታ የሚገኘው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አንድን ዝርያ በሙከራ ጣቢያው ስላማረ ብቻ ለገበሬው አይለቅም፤ በገበሬው ማሳ ላይ ይፈትነዋል። የቀዶ ሕክምና ምርምራችንም ውጤቱን መቁጠር ያለበት በዚያው ማሳ ዳር፣ በሕመምተኛው ቤት ነው።