መሪ ለውድድር ብቻ አልተሠራም

ለኮምፒውተር ወይም ለጌም ማሽን የሚሆን የመኪና መሪ የገዛ ሰው የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ የውድድር ጌም ግዛ ይባላል። ማስታወቂያውም፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕልም ውድድር ነው። ከሥራ መልስ ግማሽ ሰዓት ያህል ረጋ ብሎ መንዳት የፈለገ ሰው ግን በውድድር ውስጥ የሚጠብቀው ሌላ የሥራ ፈረቃ ነው፤ አንዲቱን ኩርባ በሽርፍራፊ ሰከንድ ለማሻሻል ደጋግሞ መመላለስ። ብዙም ሳይቆይ መሪው ከጠረጴዛው ይነሣና አልጋ ሥር ይገባል። ደህና መሪ ከነፔዳሉ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የሚወጣበት ዕቃ ነውና የሚያስቆጭ ነገር ነው። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለ ሰው ጌም መመዘን ያለበት በምስሉ ውበት ሳይሆን በሁለት ነገሮች ነው፦ መሪው ለእጅ በሚያስተላልፈው መልእክትና ጌሙ አሽከርካሪውን በሚልክበት ጉዳይ።

የመጀመሪያውን ለመረዳት ወደ እውነተኛው መኪና እንሂድ። የፊት ጎማ የሚዞርበት ዘንግ ቀጥ ብሎ የቆመ አይደለም፤ ላይኛው ጫፉ በጥቂቱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። ስለዚህ ጎማው መሬት የሚነካው፣ ዘንጉ ወደ ታች ቢረዝም ከሚያርፍበት ነጥብ ኋላ ነው። የሱፐርማርኬት ጋሪ ትናንሽ ጎማዎች ጋሪው ሲገፋ በራሳቸው ወደ ኋላ ዞረው የሚሰለፉትም በዚሁ መርሕ ነው። መኪናው ሲታጠፍ መንገዱ ጎማውን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ግፊቱ ከዘንጉ ኋላ ስለሚያርፍም መሪውን ወደ መሐል ለመመለስ ይታገላል። ከኩርባ ስንወጣ መሪው በእጃችን ውስጥ ተንሸራትቶ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ከዚህም የረቀቀ ነገር አለ። ጎማው መንገዱን የመያዝ አቅሙ ሊያልቅ ሲቃረብ የግፊቱ ማረፊያ ወደ ፊት ይሸሻል፤ ከብዶ የነበረው መሪም ይቀላል። ልምድ ያለው አሽከርካሪ በዝናብና በበረዶ ላይ የፊት ጎማዎቹ ሊከዱት መሆኑን ዓይኑ ሳያይ በእጁ የሚያውቀው በዚህ መቅለል ነው።

በመጫወቻው መሪ ውስጥ ያለው ሞተር ይህን ሁሉ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ጌሙ ኃይሉን ከጎማው ስሌት ካመጣው ማለት ነው። ጉድጓድ በተነካ ቁጥር መሪውን በዘፈቀደ የሚያንቀጠቅጥ ጌም ግን ከስልክ ንዝረት የተለየ ነገር አይነግረንም።

በዚህ መመዘኛ ለዝግታ አነዳድ የማስቀድመው በጀርመኗ ብሬመን ከተማ የሚሠራውን ቢም ኤን ጂ ድራይቭን ነው። ጌሙ መኪናን እንደ አንድ ደረቅ ሣጥን አይቆጥረውም፤ በነጥቦችና በዘንጎች የተያያዘ፣ የሚታጠፍና የሚለጠጥ አካል አድርጎ በሰከንድ 2,000 ጊዜ ያሰላዋል። ብዙ ሰው የሚያውቀው በግጭት ቪዲዮዎቹ መሆኑ ያሳዝነኛል። ያንኑ ስሌት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር፣ በአሮጌ መኪና፣ በኮረኮንች መንገድ ላይ መሞከር ይሻላል፤ የእያንዳንዱ ጎማ መውጣትና መውረድ እጅ ላይ ይደርሳል። ጣልያንን በሚመስለው ካርታው ጠባብ የዳገት መንገዶች ላይ ያለ ምንም ተወዳዳሪ አንድ ምሽት ማሳለፍ ይቻላል። ደካማ ጎኑ ሌላ ነው። ተልእኮዎች ቢኖሩትም በአብዛኛው ወዴትና ለምን እንደምንሄድ የምንወስነው እኛው ነን። መድረሻ የሌለው መንገድ ደግሞ ለጊዜው ያዝናናል እንጂ ቶሎ ይሰለቻል።

ሁለተኛው መመዘኛ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መቀመጫውን ፕራግ ያደረገው ኤስ ሲ ኤስ ሶፍትዌር በ2012 ያወጣው ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 በመሪ ስሜት ከቢም ኤን ጂ ጋር አይወዳደርም። ይሁን እንጂ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል እርሱን እመርጣለሁ። ጭነት አለ፣ ማድረሻ ሰዓት አለ፣ ነዳጅ ያልቃል፣ የፍጥነት ካሜራ ያስቀጣል። በዝግታ መንዳት እዚህ የትዕግሥት ፈተና አይደለም፤ ትክክለኛው አነዳድ እርሱ ነው። ተቺዎች ካርታው 1 ለ 19 የተጨመቀ መሆኑን ያነሣሉ፤ ከፍራንክፈርት ፕራግ በሩብ ሰዓት ገደማ የሚደርሱበት ጌም ምኑ ላይ ነው እውነታው ይላሉ። የተጨመቀው ግን ርቀቱ እንጂ ሥራው አይደለም። ተሳቢን ወደ ኋላ እየነዱ መጋዘን በር ላይ ማስጠጋት በጌሙም አያጥርም፤ መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር የተሳቢው ጭራ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ጥቂት አብዝተው ካዞሩት ይታጠፋል፣ ወደ ፊት ወጥቶ እንደገና መጀመር ነው። መሪ መግዛት ዋጋ እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላየሁም፤ ይህን በጣት በሚገፋ መቆጣጠሪያ የሞከረ ልዩነቱን ያውቀዋል።

ይኸው ድርጅት በ2016 ያወጣው አሜሪካን ትራክ ሲሙሌተር ለብዙ አንባቢዎቻችን የሠፈር ጨዋታ ሊሆን ይችላል። ከሎስ አንጀለስና ከላስ ቬጋስ ተነሥቶ በተጨማሪ ካርታዎች ሲያትልን በ2019፣ ዴንቨርን በ2020፣ ዳላስን በ2022 አካቷል፤ ሁሉም ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው። ካርታው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚያድግ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ገና አልተደረሰባቸውም። የባሕረ ሰላጤው አገሮችም በሁለቱም ውስጥ የሉም።

በ2021 የወጣውና ሜክሲኮን የሚያሳየው ፎርዛ ሆራይዘን 5 እጅግ ውብ ነው፤ ግን አጥር ሰብሮ ማለፍንና መንሸራተትን በነጥብ የሚሸልም ጌም ረጋ ያለ ሊባል አይችልም። በ2014 የተጠናቀቀው የጣልያኖቹ አሴቶ ኮርሳ ደግሞ የመሪ ስሜቱ ድንቅ ቢሆንም ለውድድር ሜዳ የተሠራ ነው። ተጫዋቾች ተራ መንገድና ትራፊክ ጨምረውለታል፤ ፋይል መነካካት ለማይሰለቸው ሰው ይሆናል።

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚዘጋጁ ሰዎች በእነዚህ ጌሞች ልለማመድ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። የፍሪሲዮንና የማርሽ ቅደም ተከተልን ለመልመድ፣ አዎን፤ በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ማንዋል መኪና መንዳት በማይፈቀድባት ብሪታንያ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከዚያ አልፎ ግን መታመን የለባቸውም። ፍሬን ሲያዝ ሰውነት ወደ ፊት አይገፋም፣ ፍጥነትም በስክሪን ላይ ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል። ከፈተናው በፊት አሠልጣኝ አጠገብ ተቀምጦ የሚነዳ ሰዓት በጌም ሰዓት አይተካም።

ከመግዛት በፊት ሁለት ነገሮችን ማረጋገጥ ይገባል። መሪው ከምን ጋር እንደሚሠራ መጠየቅ የመጀመሪያው ነው፤ ለምሳሌ የሎጂቴክ ጂ29 ለፕሌይስቴሽን፣ ጂ920 ደግሞ ለኤክስቦክስ የተሠሩ ሲሆኑ ሁለቱም በኮምፒውተር ይሠራሉ፤ ማርሹ ለብቻው ይሸጣል። ሁለተኛው የመዞሪያ መጠኑ ነው። እነዚህ መሪዎች 900 ዲግሪ፣ ማለትም ሁለት ዙር ተኩል ይዞራሉ፤ ይህም ለተራ መኪና የቀረበ ነው። 270 ዲግሪ ብቻ የሚዞር ርካሽ መሪ ለውድድር ይበቃ ይሆናል፤ ተሳቢ ወደ ኋላ ለማስገባት ግን ገና እጅ ሲነካው ይሸሻል።