ከሒሳብ «ነጻ» የተደረጉት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች

ከአየር ጤና የጅማን መንገድ ይዘው ሲወጡ ሰበታ ላይ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ይገኛል። ከእንዲህ ዓይነቱ ትምህርት ቤት የሚወጡ ልጆች በኋላ በየሰፈሩ ወደ መደበኛ ሁለተኛ ደረጃ ይበተናሉ። የወላጅ ጭንቀትም የሚጀምረው ያኔ ነው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ምን ያጠናል? የተለመደው መልስ «ሕግ ወይም ቋንቋ» የሚል ነው።

ሕጉ አልጎደለም። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት በ2002 አጽድቃለች፤ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ም ለእነዚህ ተማሪዎች ሁኔታዎች እንዲመቻቹ ይደነግጋል። ስለ ደረጃና ስለ ብሬል መጻሕፍት ብዙ ይወራል፤ ተገቢም ነው። እኛ ግን ብዙም የማይነሳውን እናንሳ።

ዓይነ ስውራን በ12ኛ ክፍል ፈተና ሒሳብ አይፈተኑም። ሌላው የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ከ600 ሲመዘን የእነሱ ውጤት ከ500 የሚያዘው ለዚህ ነው። ያላስተማሩትን መፈተን ግፍ ስለሆነ ውሳኔው ምክንያት አለው። ግን ለምን አልተማሩም? መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጽፎ «ይህን በዚህ ስናካፍል» ሲል፣ ለማያየው ልጅ «ይህ» ምንድን ነው? ቁጥሩን በቃል መጥራት እኮ ወጪ የለውም። በዚህ ምክንያት የተፈጥሮ ሳይንስ ገና ከጅምሩ ይዘጋበታል፤ ኢኮኖሚክስና አካውንቲንግም ዳገት ይሆኑበታል።

አይቻልም እንዳይባል፣ ዓይነ ስውሩ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ አብርሃም ኔሜዝ ሒሳብ በብሬል የሚጻፍበትን ሥርዓት ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ዛሬ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ያለን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ እንደ ኤንቪዲኤ ያለ ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል። ሩቅም መሄድ አያስፈልገንም። ቁርኣንን በጆሯቸው ሰምተው የሐፈዙ ዓይነ ስውራን በመድረሳዎቻችን ብርቅ አይደሉም። «ይህ ልጅ ስለማያይ ከሂፍዝ ነጻ ነው» ያለ ኡስታዝ አልሰማንም።

ትምህርት ሚኒስቴር ነጻ ማድረጉን ምርጫ ቢያደርገው፣ ማለትም የፈለገ ተምሮ እንዲፈተን፣ ያልፈለገ እንዲተው ቢፈቅድ ጥሩ ጅማሬ ነው። ያ እስኪሆን ወላጆች 11ኛ ክፍልን አይጠብቁ፤ መስክ የሚመረጠው እዚያ ስለሆነ ይረፍዳል። 9ኛ ክፍል ሲያስመዘግቡ ርዕሰ መምህሩን «ሒሳብን ለልጄ እንዴት ታስተምሩታላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። የአየር ጤና መስጂዶች ኮሚቴዎችም ከሰደቃው ላይ አንድ ላፕቶፕና የጆሮ ማዳመጫ ለእነዚህ ልጆች ቢመድቡ ከአቅማቸው በላይ አይሆንም፤ ክረምቱ ሳያልቅ ኢንሻአላህ።