ጎማው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማን ለካው?

የስፖርት መኪና የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፈረስ ጉልበቷ ነው። ቀጥሎ ስለ ቀለሟ፣ ስለ ድምጿ፣ ከቆመችበት ተነስታ 100 ኪሎ ሜትር ለመግባት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅባት ይጠይቃል። ስለ ጎማዋ የሚጠይቀው ግን ብዙውን ጊዜ ጎማው ሲያልቅ ነው፤ ያኔም ጥያቄው «ስንት ነው?» ከሚለው አያልፍም። ይሁን እንጂ 300 የፈረስ ጉልበቱም ሆነ ውዱ ፍሬን ከመንገድ ጋር የሚገናኘው እያንዳንዳቸው ከአንድ የእጅ መዳፍ ብዙም በማይሰፉ አራት የላስቲክ ቦታዎች ብቻ ነው። ሞተሩም የቆዳው ወንበርም በእነዚህ አራት መዳፎች ላይ ያረፉ ናቸው።

ለእንዲህ ዓይነት መኪና የሚሠራው ጎማ በፈረንጆቹ ገበያ የሚታወቅበት ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «የበጋ ጎማ» ይሆናል። እዚህ ላይ ቃሉ ያሳስታል። ለኢትዮጵያዊ ገዢ በጋ ማለት ዝናብ የሌለበት ወቅት በመሆኑ ጎማውም ለደረቅ መንገድ ብቻ የተሠራ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። «የበጋ» የተባለው ዝናብን ሳይሆን ሙቀትን በማሰብ ነው። የላስቲኩ ቅይጥ በደንብ የሚሠራው ከ7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በሆነ አየር ነው፤ ከዚያ በታች እየጠጠረ መንገድ መያዝ ያቅተዋል። ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ደግሞ ጥርሱ ሊሰነጠቅ ስለሚችል መኪናዋ ከነጭራሹ እንዳትንቀሳቀስ የሚያስጠነቅቁ አምራቾች አሉ። አየሩ ካልቀዘቀዘ ግን በእርጥብ አስፋልት ላይ ከሌሎቹ ዓይነቶች በአጭር ርቀት የሚቆመው በአብዛኛው ይኸው የበጋ ጎማ ነው። በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ የሚኖር አበሻ በታኅሣሥና በጥር ሌላ ጎማ መቀየር ይኖርበታል። አዲስ አበባ ለሚነዳ ሰው ግን በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የሚያስፈልገው ጎማ ስሙ «የበጋ» የተባለው መሆኑ ነው።

የጎማው ጎን ለሚያነበው ሰው ብዙ ይናገራል። 245/40 አር 18 97 ዋይ ተብሎ ቢጻፍ፣ ስፋቱ 245 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 40 በመቶ፣ ቸርኬው 18 ኢንች፣ አንዱ ጎማ የሚሸከመው ክብደት 730 ኪሎ ግራም፣ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ፍጥነት 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው ማለት ነው። እነዚህን መረዳት ቀላል ነው። ችግሩ ያለው ከእነሱ ዝቅ ብሎ በትንሽ ፊደል በሚጻፈውና በአሜሪካ ገበያ «ትሬድዌር» በሚባለው ቁጥር ላይ ነው።

ቁጥሩ ጎማው ምን ያህል እንደሚቆይ ያሳያል ተብሎ የታሰበ ነው። መነሻው 100 ሲሆን 300 የተጻፈበት ከመነሻው ጎማ ሦስት እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። ሙከራው የሚካሄደው በቴክሳስ፣ በሳን አንጄሎ ከተማ አካባቢ በተመረጠ የሕዝብ መንገድ ላይ ነው። መኪናዎች በሰልፍ ሆነው በድምሩ 11,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ከነዱ በኋላ የጥርሱ ጥልቀት ይለካና የቀረው በስሌት ይገመታል። ገዢው የማያውቀው ነገር ግን ደረጃውን ጎማው ላይ የሚያትመው መንግሥት ሳይሆን አምራቹ ራሱ መሆኑን ነው። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ደንቡን አውጥቶ የመቆጣጠር ሥልጣኑን ይዟል እንጂ እያንዳንዱን ጎማ ለክቶ ቁጥር አይሰጥም። አምራቹ ደግሞ ሙከራው ከሚፈቅድለት አስበልጦ መጻፍ ባይችልም አሳንሶ መጻፍ ይችላል። ለምን ያሳንሳል ቢባል፣ በስፖርት መኪና ገበያ «ቶሎ ያልቃል» ማለት «መንገድ ይይዛል» ማለት ሆኖ ስለሚሸጥ ነው። በዚህ ምክንያት የአንዱ ኩባንያ 300 ከሌላው ኩባንያ 300 ጋር እኩል ነው ብሎ መግዛት አያዋጣም።

ለአብነት ያህል የአሜሪካን አማተር ውድድሮች መመልከት ይቻላል። የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ ለተራ የመንገድ መኪና በከፈተው ምድብ ከ200 ያነሰ ቁጥር ያለው ጎማ አይፈቀድም። ዓላማው ቅዱስ ነበር፤ ባለ ገንዘቡ ለአንድ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚያገለግል ጎማ እየገዛ ሌላውን እንዳያሸንፍ ለመከላከል ነው። ውጤቱ ግን የኢኮኖሚክስ ተማሪ በመጀመሪያ ዓመቱ ሊገምተው የሚችል ሆነ። በትክክል 200 የታተመባቸው፣ የመንገድ አያያዛቸው ወደ ውድድር ጎማ የተጠጋ ምርቶች ገበያውን ሞሉት። ቁጥሩ የመግቢያ ትኬት ሲሆን መለኪያነቱ ቀረ። ማንም ዋሸ ማለት አይደለም። በቴክሳስ ጎዳና በእርጋታ መንዳት ሌላ ነው፤ ኩርባ ላይ ጎማን እያጮኹ መንዳት ሌላ ነው። ግን 200 ሲያይ የረጅም ጊዜ ጎማ የገዛ የመሰለው ሰው ገንዘቡ ከጥርሱ ጋር ቶሎ ያልቅበታል። እንዲህ ያለው ለስላሳ ጎማ መርካቶ ቢወርድ ለበረባሶ እንኳን የሚፈለግ አይመስልም።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመውና በ2001 ኖቤል ካሸለሙት ሥራዎቹ አንዱ በሆነው ጽሑፍ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ ጥሩው ዕቃ በመጥፎው እየተገፋ እንደሚወጣ አሳይቷል። ምሳሌው ያገለገለ መኪና ነበር። ጎማም ከዚያ የተሻለ አይደለም፤ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ክብ ነው። አከርሎፍ ከጠቀሳቸው መፍትሔዎች አንዱ ዋስትና ሲሆን በአሜሪካ ገበያ ሥራ ላይ ውሏል። አንዳንድ ታላላቅ አምራቾች ገዢው ጎማውን ለተወሰኑ ሳምንታት ነድቶ ካልወደደው እንዲመልስ ይፈቅዳሉ። ጎማው ላይ ከታተመ ማንኛውም ቁጥር ይህ ዋስትና ይበልጣል፤ ሻጩ ራሱን አደጋ ላይ ጥሎ የሚናገረው እዚህ ላይ ብቻ ነውና።

ሌላው መፍትሔ ከሻጩ ጋር ዝምድና የሌለው ፈታኝ ነው። የጀርመኑ የአሽከርካሪዎች ማኅበር ኤ.ዲ.ኤ.ሲ. የሚፈትናቸውን ጎማዎች ከገበያ ይገዛል እንጂ ከአምራቹ ስጦታ አይቀበልም። አውቶ ቢልድ የተባለው መጽሔት ደግሞ ወደ 50 የሚጠጉ ጎማዎችን መጀመሪያ በፍሬን ብቻ አወዳድሮ ደካሞቹን ይጥላል። በእንዲህ ያለ ሙከራ መኪናዋም ነጂውም መንገዱም አይቀየሩም። ጠዋት የተሞከረው መለኪያ ጎማ በየመሐሉና በመጨረሻም ተመልሶ ይሞከራል፤ ፀሐይ አስፋልቱን ስታሞቀው ውጤቱ ስለሚቀየር ልዩነቱ የጎማው ይሁን የፀሐይዋ የሚለየው በዚህ ነው። በአንድ ምሽት ሁለት ዙር ነድቶ «ይሄኛው ይሻላል» የሚል ጓደኛ ይህን አላደረገም። ያ ጓደኛ የነዳው አዲስ ጎማ ከሆነ ደግሞ ፍርዱ ከነጭራሹ አይታመንም፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ላይ የሚቀረው ማለስለሻ እስኪለቅ ጎማው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በእርጋታ መነዳት አለበት።

ልዩነቱ ምን ያህል ዋጋ አለው? በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በእርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ አንዱ ጎማ በ40 ሜትር፣ ሌላው በ45 ሜትር ያቆማል እንበል። አምስት ሜትር ከአንዲት መኪና ቁመት ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን የመጀመሪያዋ ቆማ ባለቀችበት ቦታ ላይ ሁለተኛዋ ገና በ33 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄደች ነው። እዚያ ቦታ ላይ የሚያቋርጥ ልጅ ቢኖር ስሌቱ የገንዘብ መሆኑ ይቀራል። በገንዘብ ብቻ ከታሰበም፣ እያንዳንዳቸው 300 ዶላር የሆኑ አራት ጎማዎች 31,250 ኪሎ ሜትር፣ እያንዳንዳቸው 180 ዶላር የሆኑት 24,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግሉ፣ በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ 126 ዶላር ገደማ ነው። ለሬዲዮኑ ማሻሻያ ከዚህ የሚበልጥ የከፈለ ሰው በጎማ ላይ ሲቆጥብ መታየቱ የሚገርም ነው። የፊትና የኋላ ጎማዎቿ ስፋት የተለያየ መኪና ላለው ግን ሒሳቡ ይከብዳል፤ የፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ማስገባት ስለማይቻል የኋላዎቹ ቀድመው ያልቃሉ።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በየጎማው ላይ የእርጥብ መንገድ አያያዝ፣ የነዳጅ ቁጠባና የድምፅ ደረጃ እንዲለጠፍ አድርጓል፤ በ2021ም አሻሽሎታል። ከአሜሪካው የተሻለ ነው፤ ግን እዚያም ቢሆን ደረጃውን የሚሞላው አቅራቢው ነው። ስለ አላለቁ ደግሞ መለያው ዝም ይላል። በ2024 የጸደቀው ዩሮ 7 የተሰኘው ደንብ ጎማ እያለቀ የሚያራግፈውን ብናኝ መገደብ በመጀመሩ ይህ ዝምታ ሊሰበር ነው። የዘገየ እርምጃ ነው። መንግሥታት የወተትና የነዳጅ መለኪያን ራሳቸው እየፈተሹ የጎማን ለሻጩ መተዋቸው ምንም በቂ ምክንያት የለውም።

በአዲስ አበባ የስፖርት መኪና ጥቂት ነው። በጉድጓድ መሐል ባለ 40 ጎማ ማሽከርከርም ቸርኬን መሠዋት ስለሆነ ጎኑ ከፍ ያለውን መምረጥ ይሻላል። ይሁን እንጂ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎች በክብደታቸውና በአነሳሳቸው ከስፖርት መኪና ብዙም የማይርቁ ናቸው፤ ጎማም ይበላሉ። የመመለስ ዋስትና በሌለበት ገበያ ገዢው ያለው መሣሪያ ትንሽ ነው። ዲ.ኦ.ቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከዚያ የጥርሱን ጥልቀት መለኪያ ገዝቶ በደብተር መያዝ ነው። 8 ሚሊ ሜትር የነበረው ከ5,000 ኪሎ ሜትር በኋላ 7.2 ቢሆን፣ በዝናብ ጊዜ ከሚያሳስበው 3 ሚሊ ሜትር ለመድረስ 26,250 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ቀኑን መመልከት ያለበት ግን ጎሚስታው ጎማውን ቸርኬው ላይ ከማስገባቱ በፊት ነው፤ ከገባ በኋላ ሻጩ አይመልስም።