የበያጁ ብልጭታና የህዋ ጉዞ

ሳይንስ ከሰው ልጅ ሥራ የተወለደ እንደ መሆኑ መጠን ለሠራተኛው ባዕድ ሊሆን አይገባም። በወልድያ ጋራዦች በያጁ በጥቁር መስታወት የሚመለከተው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ፕላዝማ፣ ማለትም አተሞቹ ኤሌክትሮን የተነጠቁበት ጋዝ ነው። በያጁ ስሙን ባይሰማም ጠባዩን ያውቃል።

ይኸው ኃይል የህዋ መንኮራኩርን ይነዳል። ሶቪየት ኅብረት በ1964 ዓ.ም. ባመጠቀችው ሜቴዎር ሳተላይት ላይ የፕላዝማ ሞተር በተግባር ተፈትኗል። ሞተሩ ዜኖን የተባለውን ጋዝ ወደ ፕላዝማ ለውጦ በሰከንድ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ወደ ኋላ ያስፈነጥራል። ግፊቱ የጥቂት ወረቀቶችን ክብደት ቢያህል ነው፤ ከምድር ለመነሣት ከቶ አይበቃም። ሆኖም አየር በሌለበት ህዋ ለወራት ስለሚገፋ በጥቂት ጋዝ ረጅም መንገድ ያስኬዳል።

«ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። የምድር ማግኔት ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። ስለዚህም በ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ባለው ፕላዝማ ውስጥ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል፤ ከምሽት በኋላ የሚነሣው ሁከትም የሳተላይትን የሬዲዮ ሞገድ ያውካል። ይህን ሰማያችንን የውጭ ሊቃውንት ብቻ እንዲያጠኑት መተው አይገባም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጥናቱን ይዞታል፤ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም ወደ ቀበሌው አዳራሽ መጥተው ለበያጁና ለተማሪው በአማርኛ ያስረዱ።